የኮልፌ ተመልካች ፍርድ

የአዲስ አበባ አንጋፋ ሲኒማ ቤቶች አንዳቸውም ኮልፌ ውስጥ አይገኙም። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር ፒያሳ ናቸው፤ አምባሳደር መሀል ከተማ ነው፤ ለኮልፌ የሚቀርበው ራስ እንኳ መርካቶ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከ18 ማዞሪያ እስከ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ያለው ሕዝብ ፊልም አልራቀውም። ያየው ግን በሌላ መንገድ ነው፦ በጎረቤት ሳሎን፣ በቀበሌ አዳራሽ፣ በቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት፣ በኮንዶሚኒየም ዲሽ፣ በፍላሽና በስልክ። የፊልም ታሪካችን ሲጻፍ አዘጋጁ፣ ተዋናዩና ሽልማቱ ይነሳሉ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ ተቀምጦ "ይሄ ቀሽም ነው" ያለው ሰው ብዙም አይነሳም። የአገራችንን ፊልምና የቴሌቪዥን ድራማ ገፍቶ እዚህ ካደረሱት ነገሮች አንዱ ግን የእሱ ፍርድ ነው።

ኮልፌ ለረጅም ጊዜ የከተማዋ ዳር ሆኖ ኖሯል። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነበር። ከተማዋ ወደ ምዕራብ ስትገፋ ሰፈሩ መርካቶ ውሎ የሚገባው ነጋዴ፣ ልብስ ሰፊ፣ ወዛደርና ተሸካሚ ማደሪያ ሆነ። አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ኮልፌ ቀራንዮ አንዱ ሆነ፤ በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራም ከ428 ሺህ በላይ ነዋሪ ተመዝግቦበት ከአሥሩ ቀዳሚውን ቦታ ያዘ። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያዝናና ነገር የመጣው ከተማው ካቀደለት አዳራሽ ሳይሆን ሰፈሩ ራሱ ከፈጠራቸው ጠባብ ክፍሎች ነው።

ወደ ኋላ መለስ እንበል። ተንቀሳቃሽ ምስል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በኋላ ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ ከሚባለው ስፍራ አጠገብ ማሳያ ሲከፈት የከተማው ሰው "የሰይጣን ቤት" የሚል ስም አወጣለት። ጨለማ ክፍል ውስጥ የሌለ ሰው ግድግዳ ላይ ሲራመድ ማየት ለብዙዎች የአጋንንት ሥራ ነበር። ጣሊያን አገሪቱን በያዘባቸው ዓመታት ሲኒማ ቤቶች ተበራከቱ፤ ከነጻነት በኋላም ስማቸውን ለውጠው ቀጠሉ። በኋላ ራስ ቴአትር የተባለው ሲኒማ ራስ መርካቶ አካባቢ በመሆኑ ለምዕራቡ ሰፈር ሁነኛ መድረሻ ሆነ። ከኮልፌ በእግር ይደረስበታል። የህንድ ፊልም ፍቅር በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ሥር የሰደደውም እንዲህ ባሉ ቤቶች ነው። ቋንቋውን ማንም አያውቀውም፤ እናት ለልጇ ስታለቅስ፣ ደሃው ባለጸጋውን ሲረታ፣ ወንድማማች ተጠፋፍቶ ሲገናኝ ግን አስተርጓሚ አያሻም። ዘፈኑም በቃል ይያዝ ነበር።

በአማርኛ የተሠራ ፊልም ለማየት ግን ተመልካቹ ብዙ መጠበቅ ነበረበት። "ሂሩት አባቷ ማን ነው" የታየው በ1957 ዓ.ም. ነው። ሚሼል ፓፓታኪስ የደም በቀልን ልማድ ይዞ የሠራው "ጉማ" የመጣው ደግሞ በ1966 ነው። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ሲኒማ ቤቶቹ ወደ መንግሥት እጅ ገቡ፤ የአገር ልጅ ፊልም ከጣት ቁጥር አልዘለለም። የዚያ ዘመን ተመልካች የራሱን ኑሮ በሸራ ላይ ሳያይ ነው ስለ ፊልም መናገር የለመደው።

"ሂሩት" በታየበት በዚያው በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። ሥርጭቱ የጥቂት ሰዓታት፣ ምስሉም ጥቁርና ነጭ ነበር። ባለ ቀለም የሆነው አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ባከበረበት ወቅት ነው። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በሰፈር አንድ ወይም ሁለት ስለነበር ሳሎኑ ማምሻውን የሕዝብ ይሆናል። ልጆች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ምንጣፍ ላይ ይደረደራሉ፤ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ "ጤና ይስጥልኝ ልጆች" ሲሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ቅዳሜ ማታ "ታላቅ ፊልም" ሲመጣ ትልልቆቹ ይቆያሉ። የሚታየውን የሚመርጠው ጣቢያው ነው፤ አማራጭ የለም። ለተመልካቹ የቀረው ሥልጣን አፉ ብቻ ነበር፤ እሱን ግን ሳይሰስት ይጠቀምበት ነበር። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠበቅ፣ ቡና ላይ የትናንቱ ፊልም ይፈታ፣ ይተነተን ነበር።

ቪዲዮ ቤት ይህን የመምረጥ ሥልጣን ወደ ሰፈር አወረደው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዴክና ካሴት በመርካቶ በኩል እንደ ልብ ሲገኙ በኮልፌም መንገድ ዳር ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ። ለሥራው የሚያስፈልገው ብዙ አልነበረም፤ ከግቢ ተቀንሶ የተሠራ የቆርቆሮ ወይም የጭቃ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ደርዘን ያህል አግዳሚ። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ይንጠለጠላል፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል። ቴሌቪዥኑ ሁሉም እንዲያየው ጣሪያ ሥር መደርደሪያ ላይ ይሰቀላል፤ እንዳይሰረቅም በብረት ፍርግርግ ይታጠራል። ውጭ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የዕለቱ ፕሮግራም በጠመኔ ይጻፋል፤ "ከቀኑ 8 ሰዓት ጃኪ ቻን፣ 10 ሰዓት ቫን ዳም" እያለ ይቀጥላል። የፊልሙ ርዕስ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ የሚሸጠው የተዋናዩ ስም ነውና። መግቢያው በሳንቲም ተጀምሮ ወደ ብር አደገ።

የእነዚህ ቤቶች ተመልካች ዝም ብሎ አያይም። ዋናውን ባለታሪክ "አክተሩ" ብሎ ይጠራዋል፤ "አክተሩ አይሞትም" የሚለውም የማይሻር ሕግ ነው። ጠላት ከኋላ ሲመጣበት "ዙር! ዙር!" ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ጎረምሳ ቀጥሎ የሚሆነውን ሲናገር በተግሣጽም በክርንም ዝም ያሰኙታል። እንግሊዝኛ ትንሽ የሚሰማ ካለ ለጎረቤቶቹ ያስተረጉማል፤ ያልገባውን ከራሱ እየጨመረ ይሞላዋል። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ ይናጋል፤ ባለቤቱ ወይ ነገ በነጻ ያስገባል ወይ ብር ይመልሳል። ለመጥፎ ፊልም የሚሰጠው ፍርድ ደግሞ ፈጣን ነው። ንግግር ከበዛበት "ይዝለል" ይባላል፤ ካልተዘለለ ሰው እየተነሳ ይወጣል። ባለቤቱ በማግስቱ ያንን ካሴት አይደግመውም።

ከዚህ ክፍል የወጣ ሰው ሁለት መመዘኛ ይዞ ወጥቷል። አንደኛ፣ ታሪኩ ያለ አስተርጓሚ መግባት አለበት። ሁለተኛ፣ መጎተት የለበትም። ብሩስ ሊና ቹክ ኖሪስ፣ ራምቦና የህንዱ ጀግና አንድ ሰሌዳ ላይ አብረው የሚጻፉት ለዚህ ነው። ፊልም አዋቂዎች ዘውግ ለይተው ያስቀመጡትን የቪዲዮ ቤቱ ተመልካች በእነዚህ በሁለቱ ሚዛን ብቻ መዝኖታል።

ቪዲዮ ቤት ጥሩ ስም አልነበረውም። ወላጅ ልጁ ከትምህርት ቤት ፎርፎ እዚያ እንደሚውል ያውቃል፤ አንዳንዱ ቤት ጫት ይቃምበታል፤ ማታ ላይ በር ተዘግቶ ለልጅ የማይሆን ፊልም የሚታይበትም ነበር። ቀበሌና ፖሊስ በየጊዜው በዘመቻ ሲያሽጉ ቪዲዮ ቤትን ከሺሻ ቤትና ከጫት ቤት ጋር በአንድ መዝገብ ያስገቡት ነበር። ክሱ መሠረት ነበረው። ግን የከተማው ምዕራብ ወጣት በርካሽ ዋጋ ተሰብስቦ የዓለምን ፊልም የሚያይበት ሌላ ቦታ አልተሠራለትም፤ የታሸገው ቤትም ሰንበት ብሎ በሌላ ቅያስ ይከፈታል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ነገሩ ተለወጠ። በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች ሲኒማ ቤት መታየት ጀመሩ። "ጉዲፈቻ" እና የቴዎድሮስ ተሾመ "ቀዝቃዛ ወላፈን" ሰውን በአንጋፋዎቹ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ አሰለፉት፤ ከኮልፌም በሚኒባስ ተጭኖ የሚሄደው ብዙ ነበር። በ1999 የአድማሱ ከበደ "የወንዶች ጉዳይ" ሲመጣ ቀልድና ፍቅር የተቀላቀለበት ፊልም ገበያውን ያዘ። የፖስተሮቹ ግርጌ ራሱ ለተመልካች የተሰጠ ቃል ኪዳን ነበር፤ "አስቂኝ የፍቅር ፊልም" ወይም "ልብ አንጠልጣይ" ተብሎ ይጻፍበታል። ባለፊልሙ ቃሉን ካልጠበቀ ወሬው ከሰልፉ ፈጥኖ ሰፈር ይደርሳል። የአማርኛ ፊልም በዚያን ጊዜ ከጋዜጣ ሒሳዊ ንባብ ይልቅ የሚኖረውም የሚሞተውም በአፍ ወሬ ነበር። አንዱ "አሪፍ ነው፣ ግባ" ካለ አሥር ሰው ይከተላል፤ "ብርህን አትጣል" ካለ አዳራሹ በሁለተኛው ሳምንት ይራቆታል።

ተመልካቹ የአገሩን ፊልም ወደደው፤ ወዶትም አልማረውም። የመጀመሪያው ስሞታ ድምፅ ነበር፤ ተዋናዩ ሲናገር የማይሰማ፣ ነፋሱ ግን የሚሰማ ፊልም ሞልቶ ነበር። ሁለተኛው የአጋጣሚ ብዛት ነው፤ ሁሉም ሰው መንገድ ላይ ይጋጫል፣ ሁሉም ታሪክ ሆስፒታል ያልቃል። ሦስተኛው ደግሞ ቤቱ ነው። ደሃ ልጅ ሀብታም ልጅ ያፈቅራል፤ ታሪኩ ግን ቦሌ ወይም ሲኤምሲ ያለ ቪላ ውስጥ፣ ነጭ ሶፋ ላይ ያልቃል። የደሃው ቤት ለደቂቃ ይታይና ይተዋል። ጭቃ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር የኮልፌ ሰው ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ ፊልሙ ስለ እሱ ነው ተብሎ ተጠርቶ ሄዶ የሌላ ሰው ሳሎን አሳይተው ሰደዱት። እነሆ ሦስተኛው መመዘኛ፦ የሚታየው ነገር መታመን አለበት።

ባህር ማዶ የተሸለሙት ፊልሞች በዚህ ሚዛን ላይ ሲወጡ ውጤቱ የተለየ ነው። የኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በ2001 ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወሰደ። ፊልሙ ከአሁን ወደ ትናንት፣ ከገጠር ወደ ጀርመን ወዲያ ወዲህ ይላል። ሰው መሀል ላይ ገብቶ መሀል ላይ በሚወጣበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለው አተራረክ አይያዝም፤ ቁጭ ብሎ ላየው ግን ቀይ ሽብርን የሚያስታውስ ቤተሰብ ሁሉ የራሱን ሰው አግኝቶበታል። የዘረሰናይ ብርሃነ "ድፍረት" በ2006 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አሸንፎ ሲመጣ፣ አዲስ አበባ ላይ በምረቃው ምሽት በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። የእግዱ ወሬ ፊልሙን ያላየው ሰው ጭምር ስለ ጭብጡ፣ ስለ ጠለፋ፣ እንዲከራከር አደረገ። በዚሁ ዓመት ዮናስ ብርሃነ መዋ የጀመረው የጉማ ሽልማት ስሙን የወሰደው ከፓፓታኪስ ፊልም ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን ሰፊው ተመልካች ወደ ቤቱ ገብቶ ነበር። ኢቲቪ "ገመና"ን ሲያስተላልፍ ድራማው የየቤቱ መነጋገሪያ ሆነ። ከዚያ የመጣው "ሰው ለሰው" ይባስ አለ። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ በክፋቱ የተጠላውን ያህል በትወናው ተወደደ፤ "አስናቀ" የሚለው ስም ለተንኮለኛ ሰው መጠሪያ እስኪሆን ደረሰ። የሚተላለፍበት ሰዓት ሲደርስ ሱቅ ያለው ሱቁ ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥን ይከፍታል፤ ደንበኛው ቆሞ ያያል። ድራማው ሲረዝም ፍርዱም ተከተለ፦ "ውኃ ጨመሩበት" ተባለ። የቪዲዮ ቤቱ ሁለተኛ መመዘኛ ሳሎን ድረስ ዘልቆ ገብቷል። በአንጻሩ የጥላሁን ጉግሳ "ቤቶች" ሳይሰለች ዓመታት የዘለቀው እያንዳንዱ ክፍል በራሱ የሚያልቅ ቀልድ ስለሆነ ነው፤ ያመለጠው ሰው የሚጎድለው ነገር የለም።

ዲሽ ሲመጣ ደግሞ ተመልካቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሪሞት ያዘ። ከአረብሳትና ከናይልሳት የሚወርዱት የኤምቢሲ ጣቢያዎች የሆሊውድን ፊልም በዓረብኛ የግርጌ ጽሑፍ ቀንና ሌሊት በነጻ ይለቁ ነበር። በኮልፌ ቀራንዮ ካሉት የጋራ መኖሪያዎች አንዱ የሆነውን፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ባለፉት አሜሪካዊ የምክር ቤት አባል ስም የተሰየመውን ሚኪሊላንድን ያየ ሰው ይህን ለውጥ በዓይኑ ያየዋል፤ በረንዳው ሁሉ የሳህን አጥር ነው። ቀድሞ አንድ ሳሎን ውስጥ የሚሰበሰበው ሰፈር ፎቅ ላይ ወጥቶ በየበሩ ተዘጋ። ክርክሩ ወደ ደረጃውና ወደ ቡናው ዞረ።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ተከፈተ። "ጥቁር ፍቅር"ንና "ኩዚ ጉኒ"ን የመሰሉ የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ከየሳሎኑ ተሰሙ። የፊልምና የቴአትር ሙያ ማኅበራት ጣቢያው ባህልን ይጎዳል፣ የአገር ውስጥ ባለሙያን ሥራ ያሳጣል ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። የሚገርመው ከጣቢያው መሥራቾች አንዱ የ"ድፍረት" አዘጋጅ ዘረሰናይ መሆኑ ነው።

ተቃውሞው ከባድ ጥያቄ ይዞ ነበር፤ በመቶ የሚቆጠር ክፍል ያለው የተዘጋጀ ድራማ ገዝቶ ድምፅ መተካት አዲስ ከመሥራት እጅግ ይረክሳልና። የተመልካቹ መልስ ግን በቀላል ቋንቋ መጣ። ድምፁ ይሰማል፤ ምስሉ ይጠራል፤ ድራማው በየቀኑ በሰዓቱ ይመጣል። ለዓመታት በአገር ፊልም ላይ ካነሳቸው ስሞታዎች ብዙዎቹ እዚህ ተመልሰዋል። ቪላ ግን ቃና ላይም ነበረ፤ ከቦሌው የሚበልጥ፣ ባሕር ዳር ላይ የተሠራ። የኮልፌ እናት የቱርኩን ቪላ ስታይ አልተቀየመችም፤ ስለ እሷ ነው አላሏትማ። ባለሙያዎቹ በባህል ስም የተከራከሩበትን ጉዳይ ሰፈሩ በጥራት ሚዛን ነበር የፈረደው። ይህን ልዩነት የተገነዘቡት የድራማ ሠሪዎች ናቸው በኋላ የተሳካላቸው።

ማስረጃው ቀጥሎ የመጡት ሥራዎች ናቸው። በፋና ቴሌቪዥን የተላለፈው የበኃይሉ ዋሴ "ምን ልታዘዝ" አንዲት ካፌን አገር አስመስሎ ፖለቲካውን በአስተናጋጅና በደንበኛ ጭቅጭቅ አሳየ። ካፌዋ ብቻዋን በቂ ነበረች፤ ሶፋና ቪላ አላስፈለጋትም። በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው፣ አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ የጻፉት "እረኛዬ" ደግሞ ካሜራውን ወደ ገጠር ወሰደ። መሬቱ፣ ቋንቋው፣ የሰው አለባበስ ታመነ፤ ያመለጠው በዩቲዩብ እየተከታተለ አየው። "እረኛዬ" ላይ የቀረበው ትልቁ ቅሬታ ቶሎ ቶሎ አይመጣም የሚል መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ "ተንዛዛ" ሲል የኖረው ተመልካች "ጨምሩ" አለ። በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ የተከፈተው አቦል ጣቢያም በአማርኛ ተከታታይ ድራማዎች ላይ ተመሥርቶ የተነሳው ይህን ገበያ ዓይቶ ነው።

ቪዲዮ ቤቶቹ ምን ሆኑ? አብዛኞቹ ፊልሙን ትተው ወደ ኳስ ዞረዋል። ዴኩ ወርዶ የዲኤስቲቪ ሪሲቨር ተተክቷል፤ ሰሌዳው ላይ የጃኪ ቻን ቦታ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ተይዟል። ካሴት ማከራያዎች መጀመሪያ ወደ ዲቪዲ፣ ከዚያም "ፍላሽና ሚሞሪ እንጭናለን" ወደሚል ጠባብ ሱቅ ተለወጡ። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ልጅ ዛሬም ሥራው ምክር መስጠት ነው፤ ደንበኛው "አሪፍ ተከታታይ ጫንልኝ፣ እንዳይጎተት" ይለዋል፤ እሱም "ፕሪዝን ብሬክ"ን አይቶ እንደሆነ ጠይቆ ሌላ ይመርጥለታል። የኢንተርኔት ዋጋ ሲቀንስ ይህም ሥራ እየሳሳ፣ ፊልም በቴሌግራምና በዩቲዩብ በኩል ቀጥታ ስልክ ውስጥ መግባት ጀመረ።

አሁንም የአማርኛ ፊልም ምረቃ በብዛት የሚደረገው በመሀል ከተማና በቦሌ አዳራሾች፣ ለተጋበዘ እንግዳ ነው። እንግዳው ያጨበጭባል፤ ቀይ ምንጣፍ ላይ ቆሞ "በጣም ደስ ይላል" ይላል። ሠሪዎቹ እውነተኛውን አስተያየት የሚያገኙት ከሳምንታት በኋላ፣ አዳራሹ ሲራቆት ወይም ሲሞላ ነው። ይህ ውድ የትምህርት መንገድ ነው። ፊልሙ ተቆርጦ ሳያልቅ አየር ጤና፣ አለም ባንክ ወይም ሎሚ ሜዳ ባለ የወረዳ አዳራሽ ውስጥ በነጻ አሳይቶ፣ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሰው የት እንደሚስቅ፣ የት ስልኩን እንደሚያወጣ፣ መቼ ተነስቶ እንደሚወጣ መመልከት ከአንድ ቀን የቀረጻ ወጪ አይበልጥም።

ሌላም ያልተሠራ ሥራ አለ። የምዕራብ አዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች በመልሶ ማልማት እየፈረሱ፣ ነዋሪዎቻቸውም እየተበተኑ ነው። ከእነሱ ጋር የቪዲዮ ቤት ባለቤቶች፣ ካሴት አከራዮችና የሰሌዳ ጸሐፊዎች ይሄዳሉ። የትኛው ፊልም ስንት ቀን እንደሞላ፣ የትኛው በግማሽ እንደተዘጋ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ተማሪዎችም ሆኑ የሰፈሩ ልጆች መቅረጫ ይዘው ዛሬ ቢጠይቋቸው የአገራችን የፊልም ታሪክ የጎደለውን ግማሽ ያገኛል።